በሰባት የተቆረጠ ጥያቄ

ይህን የምነግራችሁ አገር ስም አለው። እኔ ግን አልጠራውም፤ ብጠራው «ያ እኮ ሩቅ ነው» ብላችሁ ትገላገሉኛላችሁ። ዝም ብላችሁ ስሙኝ። አገሩ ንጉሥ ነበረው፣ ገበያ ነበረው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚኮራበት የሊቃውንት ከተማ ነበረው። እኔ በዚያ ከተማ በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ሥራዬ ጥያቄ መቁረጥ ነበር።

ጥያቄ ደግሞ ይቆረጣል ወይ ትሉ ይሆናል። እኛ ዘንድ ይቆረጥ ነበር።

የከተማው ሊቃውንት በሰባት ቤት ተከፍለው ይኖራሉ፤ የውሃ ቤት፣ የድንጋይ ቤት፣ የገላ ቤት፣ የእህል ቤት፣ የሰማይ ቤት፣ የሕግ ቤትና የዜማ ቤት። በቤቶቹ መካከል የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ግንብ ቆሟል። ግንቡን ያሠራው አንድ የጥንት ንጉሥ ነው ይባላል። ሊቃውንቱ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሲከራከሩ ጩኸታቸው ቢያሰለቸው «ለየብቻ ይቀመጡ፣ ለየብቻም ይወቁ» አለ አሉ። ንጉሡ ከሞተ ብዙ ዘመን አልፏል። ግንቡ ግን በየዓመቱ መስከረም ላይ እየተለሰነ፣ በየጊዜውም አንድ አንድ ክንድ እየተጨመረበት ኖረ።

ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር። የድንጋይ ቤት መምህር የገላ ቤት መምህርን መንገድ ላይ ቢያገኝ «እንደምን ዋሉ» ማለት ይፈቀድለታል። መልሱ «ይመስገን» ነው፤ ከዚያ አያልፍም። «ወገቤን አሞኛል» ካለ የገላ ቤትን ነገር ተናገረ። «ዛሬ ደመና ነው» ካለ ሰማይ ቤት ገባ። አንድ የእህል ቤት መምህር በገዛ ሠርጉ ላይ በመዝፈኑ ስድስት ወር ከማስተማር ታግዷል። የከሰሰችው ሙሽራዋ ናት፤ የዜማ ቤት ሰው ነበረች። ስንስቅበት ኖረን ነበር፤ አሁን አሁን አልስቅም።

ታዲያ ከውጭ የመጣ ሰው ችግሩን ይዞ ሲመጣ ወደ የትኛው ቤት ይግባ? የሰው ችግር እንደምታውቁት በግንብ ተከፋፍሎ አይመጣም። ለዚህ ነው እኔ የተሾምኩት። ማክሰኞና ዓርብ ሰባት ቀለም ያለው ቆብ ደፍቼ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ እኔ በረጅም ብራና ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ደወል ይደወላል፣ መቀሴን አወጣለሁ፣ የውሃውን ለውሃ ቤት፣ የእህሉን ለእህል ቤት እያልኩ እቆርጣለሁ። በአንድ ቁራጭ ላይ የሁለት ቤት ነገር ከተገኘ ቆራጩ ይገሠጻል። የሁለት ቤት ነገር አንድ ላይ ተጋግሮ አልላቀቅ ያለ አነጋገር ካጋጠመኝ አውጥቼ «ትርፍ ቅርጫት» ውስጥ እጥለዋለሁ። ትርፉን ዘበኛው እሳት ያቀጣጥልበት ነበር።

ጎበዝ ቆራጭ ነበርኩ። መቀሴ አንድም ቀን ጠርዝ ስታ አታውቅም። የግንቦቹ አለቃ ደግፌ የሚባሉ ሰው፣ ሆዳቸውና ማኅተማቸው እኩል ትልቅ የሆነ፣ አዲስ ቆራጮችን እያመጡ «እጁን እዩ! እጁን!» ይሉ ነበር። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ እጄን አሳይ ነበር።

አንድ ዓርብ ወይዘሮ ይርገዱ መጣች።

ከሐይቁ ዳር ነው የመጣችው፤ የአራት ቀን መንገድ ነው። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ይዛለች። ልጅቱ እናቷ ተራ እስኪደርሳት ድረስ በበሩ ደረጃ ትጫወት ነበር፤ ትወጣና ሦስቱን ደረጃ ባንዴ ዘላ ትወርዳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ዘበኛው ቢቆጣት ለሱም ዘለለችለት። ስሟ ደብሪቱ ነው።

«ጌታዬ» አለች ይርገዱ፣ «ሐይቁ ሸሸን። በየዓመቱ እየራቀ እየራቀ፣ ዛሬ ዳሩ ሄደን የምናገኘው ጭቃ ነው። በሱ ፈንታ የንጉሥ ሰዎች ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩልን። እግዜር ይስጣቸው። ግን ጉድጓዱ ከመጣ ወዲህ የልጆቻችን እግር እየተቆለመመ ነው። ታላቂቱ ልጄ ዛሬ በዱላ ነው የምትሄድ። ይህችን ይዩልኝ፤ ይህች ገና ቀጥ ያለች ናት። ይህችን እንዴት ላድናት?»

ጻፍኩ። ደወሉ ተደወለ። መቀሴን አወጣሁ። «የልጆች እግር ይቆለመማል፤ ምን ይደረግ?» ወደ ገላ ቤት። «ሐይቅ ሸሽቶ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ይበቃል ወይ?» ወደ ውሃ ቤት። ከጉድጓዱ የወጣ ጥቁር ድንጋይ በመቀነቷ ቋጥራ አምጥታ ነበር፤ እሱን ከአንድ ቁራጭ ጋር አስሬ «ይህ ድንጋይ ለግንብ ይሆናል ወይ?» ብዬ ወደ ድንጋይ ቤት ሰደድኩ። ድንጋይ ቤት ከዚያ ሌላ ምን ሊጠየቅ ይችላል? ለቀሩትም እንዲሁ አደረስኩ። በመጨረሻ እጄ ላይ አንዲት ቁራጭ ቀረች፤ «ጉድጓዱ ከመጣ ወዲህ እግራቸው ተቆለመመ» የምትል። ጉድጓዱ የውሃ ቤት፣ እግሩ የገላ ቤት። ብቆርጣት ትርጉም የላትም፣ ባልቆርጣት እገሠጻለሁ። ትርፍ ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት።

ይርገዱ አየችኝ። «ጌታዬ፣ ያቺ የጣሏት እኮ ዋናዋ ናት።»

«ዋናውን የሚያውቀው ሥርዓቱ ነው» አልኳት።

ዛሬ ይህን ቃሌን ሳስታውስ ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ግን እዚያ ላይ ብቻ አላበቃሁም። ከሳምንት በኋላ ከገላ ቤት አንዲት ወረቀት መጣችልኝ። የጻፈችው መምህርት የሺመቤት ናት፤ አጥንት በማወቅ በአገሩ እሷን የሚያህል አልነበረም። «ልጆቹ የሚጠጡት ውሃ ከምን ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው የሚወጣው? የድንጋይ ቤቱን መምህር ቢሻውን ጠይቁልኝ» ትላለች። ልብ በሉ፤ የየሺመቤት መስኮትና የቢሻው መስኮት አንድ ግንብ ነው የሚለያቸው። እሷ ስታስነጥስ እሱ ይሰማል። እኔም ወረቀቱን ይዤ ሃምሳ እርምጃ ብሄድ ይበቃ ነበር። አልሄድኩም። ከታች «ጥያቄው የሁለት ቤት ነው፤ ተቆርጦ ይቅረብ» ብዬ ጽፌ መለስኩላት። በቀይ ቀለም ነው የጻፍኩት። ቀይ ቀለም እወድ ነበር።

እሷም ሁለተኛ አልጻፈችም። ሊቃውንቱ እንዲያ ነበሩ፤ አንዴ ሲመለስባቸው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

መልሶቹ በሰባት መስኮት ተሰጡ፤ እያንዳንዱ በቤቱ ቀለም ክር የታሰረ ነው። መልስ ማንበብ ለቆራጭ አይፈቀድም፤ አንዱ ቤትም የሌላውን አያነብም። ሰባቱን አንድ ላይ የሚይዝ ሰው በአገሩ ባለጉዳዩ ብቻ ነው። ባለጉዳዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ አይችልም። በሩ ደጃፍ ስትጠብቅ የከረመችው ይርገዱ ሰባቱን መልሶች በመቀነቷ ቋጥራ «የትኛውን ልከተል?» አለችኝ።

«ሁሉንም። ሁሉም የሊቃውንት ቃል ነው።»

እጄን ሳመች። ደብሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ከሦስተኛው ደረጃ ዘለለችና እናቷን ተከትላ ሮጠች።

አምስት ዓመት አለፈ። ብዙ ጥያቄ ቆረጥኩ፤ ስለ አንበጣ፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለሚናድ ተራራ። በአምስተኛው ዓመት ይርገዱ ተመልሳ መጣች። ሴትዮዋ ሸምግላለች። ሰባቱን መልሶች እንዳይጠፉባት ዳር ለዳር በመርፌ ሰፍታ አንድ አድርጋቸዋለች፤ ግድግዳ ላይ ሰቅላቸው ነበር አሉ። ዘርግታ ፊቴ አስቀመጠቻቸው።

«ጌታዬ፣ ደብሪቱንም ጀመራት» አለች። «ጉልበቷ ወደ ውስጥ ገባ ገባ ማለት ይዟል። የሰፈራችን ደብዳቤ አንባቢ አንድ በአንድ አንብቦልኝ ሁሉንም አድርጌያለሁ። ግን ምናልባት አንዱን አጉድዬ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው። እባክዎ ያንብቡና የቱን እንዳጎደልኩ ይንገሩኝ።»

አንጀቴን በላችው። ሥርዓቱ አይፈቅድም፤ አነበብኩ።

የውሃ ቤት፦ «ጥልቅ ውሃ ትል የለውም፤ ጉድጓዱ አይነጥፍም፤ ያለ ሐሳብ ይጠጣ።» የገላ ቤት፦ «የውሃው ጠባይ ስላልተነገረን በቁርጡ መናገር አንችልም፤ በጥቅሉ ግን ለአጥንት ንጹሕ ውሃ በብዛት መጠጣት ይበጃል።» የእህል ቤት፦ «ገንፎው ስስ ይሁን፣ ውሃው ይብዛ፣ ረጅም ጊዜ ይፍላ።» የሰማይ ቤት በደረቅ ወራት ልጆች ሁለት እጥፍ እንዲጠጡ ይመክራል። የሕግ ቤት እግሩ ከመቆልመሙ በፊት ቀጥ ያለ ስለመሆኑ ሦስት ምስክር ይፈልጋል። የዜማ ቤት ለቆልማማ እግር ዝግ ያለ ዜማ እንደሚስማማ ገልጾ አንድ ናሙና አያይዟል። የድንጋይ ቤት ደግሞ በቢሻው እጅ፦ «ድንጋዩ ከምድር እሳት የወጣ ነው፤ በውስጡ ያለፈ ውሃ ሁሉ መራራ ይሆናል፤ ለግንብ ግን እጅግ ጥሩ ነው።»

አንድ በአንድ ስታነቧቸው ሁሉም ትክክል ናቸው። ጎን ለጎን ተሰፍተው ሳያቸው ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ አነበብኳቸው። መራራ የሆነውን ውሃ ልጅቱ በብዛት እንድትጠጣ፣ በደረቅ ወር እጥፍ እንድትጠጣ፣ አፍልታም ከገንፎ ጋር እንድትበላው ሰባት ቤት ተባብሮ አዝዟታል። እናቷ ምንም አላጎደለችም። አንዲት ጠብታ አላጎደለችም።

«ይህን ውሃ አታጠጫት» አልኳት።

«ሌላ ውሃ የለም ጌታዬ። ታዲያ ምን ላጠጣት?»

ይህንን አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው፤ ያን ስፌት ይዤ የሺመቤትና ቢሻው ዘንድ መሄድ። እኔ ግን የሥርዓት ሰው ነኝና ከይርገዱ ስፌቱን ተቀብዬ «መልእክት እልክልሻለሁ» ብዬ አሰናብቻት፣ ወደ አለቃ ደግፌ ሄድኩ።

አለቃ ደግፌ ስፌቱን አዩ። ቁም ነገረኛ ሆኑ፤ እንዲያውም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አንተ ሰው!» አሉኝ፣ «ይህ እኮ ታላቅ ጉዳይ ነው። ቤቶቹ መጣመር አለባቸው!»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው ጌታዬ። ዛሬውኑ ሁለቱን መምህራን ብንጠራቸው...»

«ሁለቱን ብቻ? ምን ነካህ? ስምንተኛ ቤት እንሠራለን! የማጣመሪያ ቤት!»

ንጉሡ ፈቀዱ። መሠረቱ በእምቢልታ ተጣለ። ደብሪቱ ያን ውሃ እየጠጣች ሁለት ዓመት ሙሉ ስምንተኛው ቤት ተገነባ። ቤት ነውና ግንብ ያስፈልገዋል ተባለ፤ ከሰባቱ እንዳያንስ በአንድ ክንድ ከፍ ተደረገ። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ? ከሐይቁ ዳር ነው፤ «ለግንብ እጅግ ጥሩ ነው» ተብሎ ተመስክሮለት የለ? ከሰባቱ ቤት ሰው አይግባበት ተባለ፤ የየቤቱን ነገር ይዞ ይገባል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ ምንም ዓይነት የራሳቸው ነገር የሌላቸው ሰዎች ተፈልገው ተሾሙበት። ስለ መጣመር በየሳምንቱ ይነጋገራሉ። በምርቃቱ ቀን አለቃ ደግፌ የመጀመሪያውን አዋጅ አነበቡ፦ ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄ ሁሉ በስምንት ይቆረጣል።

ስምንተኛ ቀለም የተጨመረበት ቆብ አመጡልኝ። ራሴ ላይ ሲደፉልኝ ያች ልጅ ከደረጃው ስትዘል ታየችኝ። ቆቡን አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ጀግና ቢሆን ከሰባት ዓመት በፊት ነበር የሚያደርገው።

በገላ ቤትና በድንጋይ ቤት በሮች መካከል ትርፍ ቁራጭ የሚቃጠልበት ጠባብ ስፍራ አለ፤ አንዲት ዋርካ በቅላበታለች። የሺመቤትን ከአንድ በር፣ ቢሻውን ከሌላው በር ለምኜ አወጣኋቸው። ቢሻው መደንገጡ ፊቱ ላይ ይታያል። ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነው ሲተያዩ ገና ሁለተኛቸው ነው።

«እንደምን ዋሉ» አላት።

«ይመስገን» አለችው።

ከዚያ በላይ አያውቁም። ስፌቱን አመዱ ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኩላቸው። ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች።

የሺመቤት አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው። «ውሃው መራራ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ይህን እኮ ድንጋይ ቤት አንደኛ ዓመት የገባ ሁሉ ይማረዋል» አለ ቢሻው። «ከዚያ ድንጋይ የወጣ ውሃ የጠጣ በሬ ጥርሱ ይበልዛል፣ ቆይቶም ይሽመደመዳል።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

«የተጠየቅኩት ለግንብ ይሆናል ወይ ተብዬ ነው» አለ። ማን እንደጠየቀው ሁላችንም እናውቃለን። አመዱን በእግሬ እጭር ነበር።

እሷ ግን ለኔ ጊዜ አልነበራትም። «በሬውንም ልጁንም ያሽመደመደው አንድ ነገር ነው ማለት ነው» አለች። «አጥንት ነው መራራውን ወደ ራሱ የሚስበው። ገላ ውስጥ ካለው ሁሉ መርጦ እሱ ይስበዋል፤ ስቦ ስቦ ይጎብጣል።»

ቢሻው ቆመ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። «አጥንት የሚስበው ከሆነ» አለ፣ «ልጆቹ ከመጠጣታቸው በፊት ሌላ አጥንት ይሳበዋ!»

«የከብት አጥንት...»

«ይቃጠል፣ ይወቀጥ፣ የተበሳ ማሰሮ ይሞላበት...»

«ውሃው በሱ ላይ ይፍሰስ! ከታች የሚንጠባጠበውን ልጆቹ ይጠጡ!»

አንዱ ጀምሮ ሌላው ይጨርስ ነበር፤ ወንድምና እህት ይመስሉ ነበር። አንድ አሮጌ ማሰሮ ፈልጌ አመጣሁ፣ አጥንት ከሥጋ ሻጮች ለመንኩ፣ እዚያው ትርፍ በሚቃጠልበት እሳት አከሰልነው። ከሐይቁ ዳር ጉድጓድ፣ ከድንጋዩ ጋር ለስምንተኛው ቤት ጭቃ ማቡኪያ የመጣ ውሃ በእንስራ ተርፎ ነበር፤ አንጠባጥበን ቀመስነው። ምሬቱ ቀንሷል። የሺመቤት ከማሰሮው አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ያኔ እኮ ጠይቄ ነበር» አለች። ወረቀቷን ማን እንደመለሰባት አላነሳችም። ያቺ ሴት ጨዋ ናት፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የዋርካዋ ጥላ የድንጋይ ቤትን ግንብ ሲነካ ሥራው አልቋል።

በማግስቱ ሦስታችንም ወደ ሐይቁ ዳር ተነሳን። ሁለቱ ከየቤታቸው ተሰርዘዋል፤ እኔንም የሚፈልገኝ የለም። መንገድ ላይ ቢሻው «ዛሬ ደመና ነው» አለና ዙሪያውን ገላመጠ። ማንም አልከሰሰውም። ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ሳቅን።

መንደሩ ስንደርስ ሴቶቹ አጥንት ለቅመው፣ ማሰሮ በስተው፣ በሦስት ቀን በየደጁ ይንጠባጠብ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ይህን በዓይኔ አይቼ መስክሬያለሁ። ይርገዱም እንደ ድሮው እጄን ልትስም መጣች። ደብቄ ያዝኩት።

ደብሪቱን ያገኘኋት ከጉድጓዱ አጠገብ ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሁለት ምርኩዝ አጠገቧ አጋድማ፣ የጉድጓዱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ የሚንጠባጠበውን ማሰሮ ታያለች። የሺመቤት እግሯን መርምራ ነበር፤ ከእንግዲህ አይብስም፣ ግን አይቃናም ብላናለች።

«አባባ፣ ይኸን ነገር እርስዎ ነዎት ያመጡት?» አለችኝ።

«እኔ አይደለሁም። እነሱ ናቸው፤ ያቺ ሴትዮና ያ ሰውዬ።»

«ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው?»

ልዋሻት ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ ብዙ ዓመት ደከሙ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። «ግማሽ ቀን» አልኳት።

ልጅቱ ወደ ማሰሮው ዞር አለች። ጠብታው ሦስት አራቴ ወረደ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ አውቅበት ነበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቆጣ ሰው አስተናግጃለሁ። ጎረቤት ጎረቤቱን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችኝ።

«ታዲያ እስከዛሬ ምን ሥራ ይዟችሁ ነው?»

ይህን ጥያቄ የምልክለት ቤት ፈለግሁ። ከሰባቱ አንዱንም አላገኘሁም፣ ስምንተኛውንም አሰብኩት። ልጅቱ መልስ እየጠበቀች ታየኛለች።

«እንዲሁ» አልኳት፤ «ሥራ በዝቶብን ነበር።»